ጾታው ያልተነገረ ችግኝ

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ግቢያችን 12 የፓፓያ ችግኝ ተከልን። በጥቁር ፕላስቲክ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የመጡ፣ ቁመታቸው ክንድ የማይሞላ፣ ግንዳቸው ግን ደልደል ያለ ነበር። ቧንቧው በሚመጣበት ቀን ከቧንቧ፣ በማይመጣበት ቀን ከበርሜል እየቀዳን በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጀሪካን ውሃ አጠጣናቸው። ጥር ላይ አበባ ያዙ። ከ12ቱ አምስቱ ከቅጠላቸው ብብት ረጅም ቀጭን ዘንግ አወጡ፤ በዘንጉም ላይ ጥቃቅን ነጣ ያሉ አበቦች እንደ ዶቃ ተንጠለጠሉ። ያምራሉ። ምሽት ላይ ሽታቸው ግቢውን ያውደዋል። ፍሬ ግን አይሰጡም፤ ወንዴ ናቸው።

አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። በሁለት ቀን አንዴ፣ ለስድስት ወር ሲቆጠር ለአንድ ዛፍ 1,800 ሊትር ይሆናል። ለአምስቱ ወንዴዎች 9,000 ሊትር ውሃ አፍስሰናል ማለት ነው። ዝናቡ በዓመት ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም በማይዘልበት፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ ካልሆነ በቀር አሸዋ ሆኖ በሚከርምበት፣ የጉድጓዱ ውሃ ማሰሮና ጀበና ላይ ነጭ ድንጋይ በሚጋግርበት በድሬዳዋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውሃው ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። ስድስት ወር የተያዘ መሬት አለ፤ በሌላ ዛፍ ሊተካ ይችል የነበረ ጥላ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየማለዳው ወጥቶ ቅጠሉን የሚዳብስ ሰው ተስፋ አለ።

ችግኙን የሸጡልን ሰዎች አላታለሉንም። ስጠይቃቸው የመለሱልኝ በቅንነት ነው፤ ዘሩ ከገበያ ከተገዛ ፍሬ የተለቀመ ነው፤ ወንዴ ይሁን ሴቴ አበባ ሳይዝ ማንም አያውቅም። ሁለተኛው መልስ እውነት ነው፤ የችግኙን ጾታ በዓይን አይቶ የሚለይ ሰው የለም። ችግሩ ያለው በመጀመሪያው መልስ ውስጥ ነው። የአንዱ ችግኝ ጾታ ባይታወቅም የወላጆቹ ጾታ ሊታወቅ ይችላል፤ ወላጆቹ ከታወቁ ደግሞ ከመቶ ችግኝ ስንቱ ፍሬ እንደሚሰጥ ገና ሳይተከል መናገር ይቻላል። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የፍራፍሬ ችግኝ በየክረምቱ ይታደላል፤ የከተማ ግብርናም እያንዳንዱ ቤተሰብ በጓሮው እንዲተክል ያበረታታል። ዘገባው ሁልጊዜ የሚናገረው ስንት እንደ ተተከለ ነው። የተተከለው የማን ልጅ እንደ ሆነ ግን አይጠየቅም። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ ነን፤ ጓሮው ውስጥ ለሚያሳድገው ፓፓያ አንድ ቤት መቁጠር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

አብዛኛው አበባ የሚያብብ ተክል ወንዴና ሴቴ አካሉን በአንድ አበባ ውስጥ ይይዛል። ቡናም እንዲሁ ነው፣ ጫትም እንዲሁ ነው፣ ባቄላም እንዲሁ። አበባ ከሚያብቡት ዝርያዎች ውስጥ ከመቶ ስድስት የሚሆኑት ብቻ ወንዴውንና ሴቴውን በተለያየ ግንድ ላይ ያኖራሉ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገውን የሴቴውን አበባ ለመድኃኒት የሚመርጡት አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ዝግባም ጥድም ወንዴና ሴቴ ናቸው። ቴምርም እንደዚሁ ነው። በመስጴጦምያ ገበሬዎች ከሺህ ዓመታት በፊት የወንዴውን ቴምር አበባ ቆርጠው፣ ዛፉ ላይ ወጥተው በሴቴው አበባ መካከል ያስሩት ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ይደረጋል። በእጅ እስከ ተዳቀለ ድረስ አንድ ወንዴ ለ50 ሴቴ ይበቃል። ቴምር አምራቹ ከዘር አይተክልም፤ ከሴቴዋ ሥር የሚበቅለውን ቡቃያ ነቅሎ ይተክላል፤ ቡቃያው እናቱን ስለሆነ ጾታው አያጠራጥርም። ቴምርን ከፍሬው ዘር የተከለ ሰው ግን ከግማሹ ጋር ለዓመታት ይደክምና ወንዴ ያገኛል፤ ፓፓያ ቢያንስ በስድስት ወሩ እውነቱን ይነግራል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ደጋግሞ የገጠመኝ ተክል ሌላ ነው፤ በተለምዶ ዕፀ ፋርስ የሚባለው ካናቢስ። በአገራችን የወንጀል ሕግ ማምረቱም ማዘዋወሩም የተከለከለ ነው፤ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነትም በጥብቅ ይቆጣጠረዋል። እዚህ የማነሣው ስለ ዕፁ ለመከራከር አይደለም። ጾታ ገንዘብ በሆነበት ቦታ የሰው ልጅ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያደርግ ስለሚያሳይ ነው። ካናቢስ 10 ጥንድ ክሮሞዞም፣ ማለትም ውርስን የሚሸከሙ የሕዋስ ክሮች፣ አለው፤ ከእነዚህ አንዱ ጥንድ፣ ኤክስና ዋይ የሚባለው፣ ጾታን ይወስናል፤ ሴቴዋ እንደ ሰው ሁለት ኤክስ፣ ወንዴው ኤክስና ዋይ ይይዛል። በፈቃድ ለመድኃኒት የሚያመርቱት የሚፈልጉት ያልተዳቀለችዋን ሴቴ አበባ ነው፤ ለመድኃኒት የሚሆነው ሙጫ በብዛት የሚገኘው በእርሷ ላይ ነውና። የአበባው ዱቄት በነፋስ ሩቅ ስለሚሄድ አንድ የተረሳ ወንዴ ማሳውን በሙሉ ዘር ሊያስቋጥር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አበባው ጉልበቱን ለዘር ያውላል። ስለዚህ ወንዴው ገና ምልክቱ እንደ ታየ ይነቀላል።

ይህም አልበቃቸውም። ወንዴ የማይወጣበት ዘር መሥራት ፈለጉ። መንገዱ ለእኔ አስገራሚ ነው። ሙዝ የሚያበስለውን ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አብዛኛው ሰው በስሙ ባያውቀውም በሥራው ያውቀዋል፤ ተክሎች ራሳቸው የሚያመነጩት ነው። ይህ ጋዝ በካናቢስ ውስጥ አበባው ሴቴ ሆኖ እንዲወጣ ያግዛል። በብር የተሠራ ውሕድ ሴቴዋ ላይ ሲረጭ የኤቲሊኑ ሥራ ይታገዳል፤ ያን ጊዜ ሴቴዋ የወንዴ አበባ ታወጣለች። ከዚያ አበባ የሚገኘው ዱቄት ግን ዋይ የለውም፤ እናቲቱ ራሷ ዋይ ስለሌላት። በዚህ ዱቄት ሌላ ሴቴ ስትዳቀል የሚገኘው ዘር በሙሉ ማለት ይቻላል ሴቴ ይሆናል። በአፍሪካ ሌሶቶ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ለመድኃኒት የሚሆን ምርትን በመፍቀድ ቀዳሚ ሆናለች፤ ሞሮኮም በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሕግ አውጥታለች። ንግዱ በተፈቀደባቸው አገሮች ዘሩ በጥቅል ሲሸጥ ጾታው በጥቅሉ ላይ ተጽፎ ነው። ገዢው ጾታውን ሳያውቅ አይከፍልም።

ልጆቻችን ለሚበሉት ፍሬ ደግሞ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ አንድ ቃል አይጻፍም። ይህ ልዩነት ያንገበግበኛል። ለአንዱ ተክል በዓለም ላይ ያለው ዕውቀት ሁሉ ሲዘምትለት፣ ከዚያ በማይከብድ ዕውቀት ሊፈታ የሚችለው የፓፓያ ጉዳይ በዕድል ይተዋል። ፓፓያ የብር ውሕድም ሆነ ረቂቅ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። መፍትሔው በራሱ በተክሉ ውስጥ አለ።

ፓፓያ ሦስት ጾታ አለው። ወንዴው ያ ባለረጅም ዘንግ ነው። ሴቴዋ አበባዋ ከግንዱ ተጠግቶ ይወጣል፤ ጠና ያለና ሥሩ ላይ ሞላ ያለ ነው፤ አበባው ቢከፈት በፍሬ ማኅፀኑ ዙሪያ ዱቄት የሚሰጥ አካል የለም። ሦስተኛው ጥምር ጾታ ነው፤ በአንድ አበባ ውስጥ ወንዴውም ሴቴውም አለ፤ አበባው ቀጠን ብሎ ረዘም ይላል። ፍሬውን በቀፊራ ገበያ የሚገዛ ሰው ሳያውቀው ይለየዋል። ክብ ሆኖ ሲሰነጠቅ መሐሉ ሰፊ ባዶ የሆነው የሴቴዋ ነው፤ ሞላላ ወይም አንገት ያለው፣ ሥጋው ወፈር ያለው የጥምር ጾታው ነው። ጣዕማቸው በጾታ አይለይም። ስፕሪስ የሚሠራው ጁስ ቤት ግን ሥጋው ስለሚበረክትለት ሞላላውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ሁለት ጾታ ብቻ የነበረው ተክል ሦስተኛውን ከየት አመጣው? የፓፓያ አገሩ ደቡባዊ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። በዚያ በዱር የሚበቅለው ፓፓያ ወንዴና ሴቴ ብቻ ነው። የፓፓያ ዘረ መል በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከተነበበ በኋላ ተመራማሪዎች የወንዴውን ዋይና የጥምር ጾታውን ዋይ አነጻጸሩ፤ ሁለቱ እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ከልዩነቱ ማነስ ተነሥተው ያሰሉት ጥምር ጾታው ከወንዴው የወጣው የዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ መሆኑን ነው፤ ይህም ሰው በዚያ አካባቢ ማረስ ከጀመረ በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ረጅም ጊዜ ቆሜ አሰብኩ። ስሙ የማይታወቅ አንድ ገበሬ፣ ወይም አንዲት ገበሬ፣ ማሳው ውስጥ ፍሬ የያዘ እንግዳ ወንዴ አየ፤ አልቆረጠውም፤ ዘሩን አስቀመጠ። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚዞረው ሞላላ ፓፓያ በሙሉ የዚያ ሰው ጥንቃቄ ልጅ ነው። ማንም ቤተ ሙከራ አልነበረውም። የነበረው ዛፎቹን አንድ በአንድ የሚያውቅ ዓይን ነው።

የዘር ቆጠራው እንደሚከተለው ነው፤ አንባቢ በትዕግሥት ቢከተለኝ ዋጋ አለው። ሴቴዋ ሁለት ኤክስ አላት። ወንዴው አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። ጥምር ጾታው አንድ ኤክስና ያን ትንሽ የተለየውን ዋይ ይይዛል። የትኛውም ዓይነት ይሁን ሁለት ዋይ የተገናኙበት ሽል ፍሬው ውስጥ እያለ ይሞታል። ስለዚህ ሴቴ በወንዴ ስትዳቀል ልጆቿ እኩሌታው ሴቴ፣ እኩሌታው ወንዴ ይሆናሉ። ሴቴ በጥምር ጾታ ስትዳቀል እኩሌታው ሴቴ፣ እኩሌታው ጥምር ጾታ ይሆናል፤ ወንዴ አይወጣም። ጥምር ጾታው በወንዴ ቢዳቀል ሦስቱም ጾታ እኩል እኩል ይወጣል። ጥምር ጾታው ራሱን በራሱ ካዳቀለ ግን ከሚበቅሉት ሦስት ዘሮች ሁለቱ ጥምር ጾታ፣ አንዱ ሴቴ ይሆናል። እዚህም አንድ ወንዴ አይገኝም። ሁሉም ፍሬ ይሰጣል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላልና ጥብቅ ነው፤ ወንዴ ችግኝ ያለ ወንዴ አባት አይወለድም። ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው፣ በግቢዬ የበቀሉት አምስቱ ወንዴዎች አባታቸውን መሰከሩ፤ ዘሩ የተለቀመበት ፍሬ አጠገብ የሆነ ቦታ አንድ ወንዴ ዛፍ ቆሟል። ከቀሩት ሰባት ደግሞ አራቱ ሴቴ፣ ሦስቱ ጥምር ጾታ ሆነው ወጡ። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ጥምር ጾታ ዛፍም አለ፤ ወይ የሁለቱ ዱቄት ሳይለይ ገብቷል፣ ወይ እናቲቱ ራሷ ጥምር ጾታ ነበረች። የፓፓያን አበባ በዋናነት የሚያዳቅሉት ማታ የሚበሩ የእሳት እራቶች ናቸው፤ በወንዴው ዘንግ ላይ ያ ሁሉ ሽታ በምሽት የሚነሣውም ለእነርሱ ጥሪ ነው። የእሳት እራት የማንን አጥር እንደሚሻገር አይጠይቅም። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ፍሬ እናቱ ብትታወቅ እንኳን አባቱ አይታወቅም።

ጎረቤታችን ያሉ እናት የወንዴዎቹን ነገር ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ግንዱ ላይ ሚስማር ምታበት፤ ይደነግጥና ያፈራል» አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ጫፉን ቁረጠው፣ ሴት ሆኖ ያቆጠቁጣል አለኝ። እነዚህን ምክሮች የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ ብዙ ሰው በዓይኑ አየሁ የሚለው ነገር መነሻ አለው። ሚስማር ክሮሞዞምን አይለውጥም። ነገር ግን አንዳንድ ወንዴ ፓፓያ የአየሩ ሁኔታ ሲለወጥ፣ በተለይ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከዘንጉ ጫፍ ጥቂት ጥምር አበባ ያወጣል፤ ከዚያም ትናንሽ ፍሬ በረጅም ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል። ሚስማሩን በመስከረም የመታ ሰው በታኅሣሥ ፍሬ ካየ ምስጋናው ለሚስማሩ ይሆናል። ፍሬው ቁም ነገር አይሞላም፤ በሚቀጥለው ሙቀትም ዛፉ ወደ ወንዴነቱ ይመለሳል። የዘሩን ቀለም ወይም የሥሩን ቅርጽ አይቶ ጾታ እለያለሁ የሚልም ይገጥማል። በችግኝነቱ በእርግጥ የሚለየው መንገድ አንድ ነው፤ ከቅጠሉ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ዲኤንኤው ይመረመራል። ይህ ምርመራ በዓለም ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል። ለአንድ ጓሮ ግን ከችግኙ ዋጋ በላይ ስለሚያስወጣ መልስ ሊሆን አይችልም።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ጥምር ጾታውን ይዘን ሌላውን እንተው። እኔም መጀመሪያ እንዲህ አስቤ ነበር። የድሬዳዋ ሙቀት ግን የራሱ ቃል አለው።

የሴቴዋ አበባ በአየር ጠባይ አይናወጥም። ሲሞቅም ሴቴ ናት፣ ሲበርድም ሴቴ ናት። ጥምር ጾታው ግን በቀላሉ የሚረበሽ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ፣ ውሃ ሲጎድለው ወይም አፈሩ ናይትሮጅን ሲያጥረው በአበባው ውስጥ ያለው የፍሬ ማኅፀን ይኮማተራል፤ አበባው በተግባር ወንዴ ይሆንና ይረግፋል። በግንቦትና በሰኔ እዚህ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚከተል ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ግንዱን ወደ ላይ ሲመለከቱት፣ ፍሬ ተደርድሮ፣ መሐል ላይ ባዶ ቦታ መጥቶ፣ እንደገና ፍሬ ይቀጥላል። ያ ባዶ ቦታ ሙቀቱ ያለፈበት ወር ነው። ግንዱ እንደ መዝገብ ይነበባል።

ያንኑ ችግኝ የደንገጎን ዳገት አሻግረን ሐረር ብንተክለው ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነች፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመንገድ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ጉዞ ነው፤ ለፓፓያ ግን ሌላ አገር ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በጥምር ጾታው አበባ ውስጥ ዱቄት የሚሰጡት ክፍሎች ከፍሬው ማኅፀን ጋር ይጣበቁና ራሳቸው ፍሬ መሆን ይጀምራሉ፤ ፍሬው ተጣሞ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቱ ተጨማዶ ይወጣል። ይበላል፤ ገበያ ግን አይወጣም። በሐረር ግቢዎች ጠማማ ፓፓያ ያየ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ከመርጨቱ በፊት ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው። ለሐረር ሴቴዋ ትሻላለች፤ ዱቄት የሚሰጥ አንድ ዛፍ በቅርብ እስካለ ድረስ።

ታዲያ ለድሬዳዋ ምን ይሻላል? ሁለቱም አንድ ላይ። በግቢ ውስጥ አንድ ጥምር ጾታና አንድ ሴቴ ቢኖር፣ ጥምር ጾታው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ሞላላ ፍሬውን ይሰጣል፤ ሙቀት ሲመጣ አበባው ፍሬ መያዝ ቢያቅተውም ዱቄት መስጠቱን ብዙውን ጊዜ አያቆምም፤ በዚያን ጊዜ ሴቴዋን ያዳቅላል። እርሷም ሙቀቱ ሳያናውጣት ፍሬ ትይዛለች። ወንዴ ጨርሶ አያስፈልግም። ወንዴው የሚያስፈልገው ሴቴ ብቻ በሚተክል ሰፊ እርሻ ነው፤ እዚያም ለአሥር ሴቴ አንድ ይበቃል። ወደ ቆጠራው ከተመለስን ደግሞ ጥምር ጾታው ራሱን ሲያዳቅል የሚሰጠው ዘር ልክ ይኸው ነው፤ ሁለት እጅ ጥምር ጾታ፣ አንድ እጅ ሴቴ። ለዚህች ከተማ የሚስማማው ቤተሰብ በአንድ ፍሬ ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ።

አሠራሩን ማንም ይችለዋል። በጠንካራና ጣፋጭ ጥምር ጾታ ዛፍ ላይ ገና ያልፈነዳ አበባ ይመረጣል፤ በስስ ጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት ይሸፈንና አንገቱ ይታሰራል። ከረጢቱ የእሳት እራቱን ይከለክላል፤ አበባው ውስጡ ባለው ዱቄት ራሱን ያዳቅላል። ፍሬው ሲይዝ ከረጢቱ ይወጣል፤ እንዳይጠፋ ግን ክር ይታሰርበታል። በስሎ ሲቆረጥ ከአንድ ፍሬ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ይገኛል። ዘሩን የሚሸፍነው የሚያሙለጨልጭ ልባስ ቡቃያውን ስለሚያዘገይ በአመድ ወይም በአሸዋ ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በጥላ ይደርቃል። ዝርያው በመዳቀል ማነስ ይደክማል ብሎ የሚፈራ ካለ፣ ሶሎ የሚባለው ለአንድ ሰው የሚበቃ ትንሽ ፓፓያ በ1911 (እ.ኤ.አ.) ሐዋይ ከገባ ጀምሮ በዚሁ መንገድ ትውልድ በትውልድ ሲራባ ኖሯል፤ ጉልበቱ አልቀነሰም።

አተካከሉም አንድ ነገር ይጨምርበታል። በአንድ ጉድጓድ አንድ ችግኝ መትከል ልማዳችን ነው፤ ለማንጎና ለአቮካዶ ትክክል ነው፣ ለፓፓያ ግን ስሕተት ነው። አባቱ ያልታወቀ ዘር እንኳን ቢሆን በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ቢተከል፣ ሦስቱም ወንዴ የሚሆኑበት ዕድል እኩሌታው ወንዴ በሆነ ዘር ከስምንት አንድ ብቻ ነው። ራሱን ካዳቀለ ጥምር ጾታ በተገኘ ዘር ደግሞ ከሦስቱ አንድም ጥምር ጾታ የማይገኝበት ዕድል ከ27 አንድ ነው። ሦስቱ ከአንድ ጀሪካን ይጠጣሉ፤ አበባ ሲይዙ የተፈለገው ይተዋል፣ ሁለቱ ይቆረጣሉ። ይህን ብናውቅ ኖሮ ያ 9,000 ሊትር ውሃ ለፍሬ በሆነ ነበር።

ለብቻው የቆመ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ይሥራ ማለት ግን አልችልም። አባት የማይታወቅበት ሰፈር ውስጥ ከረጢት ማሰር የሚችለው ጥምር ጾታ ዛፍ ያለው ሰው ነው፤ ብዙው ሰው ገና የመጀመሪያውን ችግኝ የሚገዛ ነው። ሸክሙ የችግኝ ጣቢያው ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ አሥር የተመረጡ ጥምር ጾታ እናት ዛፎች ቢኖሩት፣ በየወሩ ጥቂት አበባ በከረጢት ቢያስር፣ ለከተማው የሚበቃ ዘር ይኖረዋል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ የፓፓያ ዝርያዎች ለቋል፤ መነሻ ዘር ከዚያ ማምጣት ይቻላል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ነው፤ በከተማችን ያለው የቶኒ እርሻው የእናት ዛፎች ማሳ ቢሆን ከዚያ የሚቀርብ ቦታ አላውቅም። በጫት ላይ የምናደርገውን አስቡት፤ የአወዳይ ገበሬ ከየትኛው ግንድ ቆርጦ እንደ ተከለ ይጠየቅና ይናገራል፤ ዋጋውም በዚያ ይለያል። ዕውቀቱ አካባቢው ውስጥ አለ። ወደ ሚበላው ፍሬ ማሻገር ነው የቀረን።

በዘመቻ የሚታደለው ችግኝም ከቁጥሩ ጋር አንድ ነገር ቢይዝ እወዳለሁ። በጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ የምትሰፋ ትንሽ ወረቀት ትሁን፤ እናቱ ምን እንደ ነበረች፣ አበባው ተሸፍኖ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ፣ በአንድ ጉድጓድ ስንት እንደሚተከል ትናገር። ከዚያ የሚበልጥ ወጪ የለውም። ወረቀቷን ያነበበ ሰው በጥር ወር ደጁ ላይ ቆሞ የማይጠብቀውን ዘንግ አያይም።

ከአምስቱ ወንዴዎች አራቱን በመጋቢት ቆረጥናቸው። አምስተኛውንም በሚያዝያ፣ ልጆቹ ሽታውን ስለወደዱት አንድ ወር ካዘገየነው በኋላ ቆረጥነው። በጉድጓዶቹ ፍግ ሞላንባቸው። ከሦስቱ ጥምር ጾታዎች የተሻለው ላይ፣ ከአጥሩ በኩል ካለው፣ አራት አበባ በነጠላ ቁራጭ ሸፍኜ አሰርኩ፤ አንዱ ረገፈ፣ ሦስቱ ያዙ። ቀይ ክር አስሬባቸዋለሁ። ከወፍ ከዳኑ ዘሩን ከጎረቤታችን ከእኚያ እናት ጋር እንካፈላለን፤ እሳቸው ሚስማሩን አስቀምጠው ሦስት ጉድጓድ አስቆፍረዋል፣ በእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ሊተክሉ።